ጌዶ ላይ ሰዓቷን ማን አስተኛት?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ውሃውን ለባሌ ልተውለትና እኔ ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። የነገሩ ሥር አንዲት የእጅ ሰዓት ናት።

ባሌ ባይሳ ወንዝ ለኪ ነበር። አምቦ ከሚገኝ አንድ የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከሁሉቃ እስከ ጉደር፣ ከወንጪ እስከ ጌዶ ያለውን ወራጅ ውሃ ሲለካ ይውላል። አለካኩ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ወንዙ ዳር ሁለት ችካል ይተክላል፤ ከላይኛው ችካል ትይዩ ቁራጭ እንጨት ውሃው ላይ ይጥልና እንጨቷ ታችኛው ችካል ጋ እስክትደርስ ሰዓት ይይዛል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሰዓት ግን እኔና እናንተ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የምናደርገው ዓይነት አይደለም።

ሰዓቷን የሰጠው አለቃው የነበረ አንድ የስዊዝ መሐንዲስ ነው። አብዮቱ ፈንድቶ ፈረንጁ ጓዙን ሲጠቀልል፣ ከእጁ ፈትቶ በባይሳ እጅ ላይ አሰራት። እኔና ባይሳ የተጋባነው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሰዓቷ እሱ ዘንድ ትቀድመኛለች። ይህን ሳስበው ዛሬም ደስ አይለኝም። ፈረንጁ ክሮኖግራፍ ይላት ነበር አሉ። ባይሳ ደግሞ «እሷ» ነው የሚላት። «እሷን አቀብዪኝ»፣ «እሷ የት ናት»፣ «እሷን ውሃ እንዳይነካት»። እኔን በስሜ ይጠራኛል፤ እሷ ግን ስም እንኳ አያስፈልጋትም።

መልኳን ልንገራችሁ፤ መቼም መልክ አልተነፈገችም። ፊቷ ነጭ ነው፤ በላዩ ሦስት ትናንሽ ክቦች አሉት። ከመሙያዋ በላይና በታች ሁለት ቁልፎች አሏት። ትልቋ ቀጭን ዘንግ ቀኑን ሙሉ ተገትራ ትቆማለች፤ የላይኛው ቁልፍ ሲጫኑት ትነሳለች፣ ሲደግሙት ትቆማለች፣ የታችኛውን ሲነኩት ዘላ ቦታዋ ትመለሳለች። እውነተኛዋ ሰከንድ የምትዞረው በግራ በኩል ባለችው ትንሽ ክብ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማያውቅ ሰው ትልቋን ዘንግ አይቶ «ቆማለች» ይላል፤ እሷ ግን በጎን በኩል ድምፅዋን አጥፍታ ሥራዋን ትሠራለች። ተንኮለኛ ናት ማለቴ ነው።

ያን ያህል ውድ ሆና ደግሞ ጠባይ ነበራት። በጀርባዋ ካስተኟት ትሮጣለች። መሙያዋን ወደ ታች አድርገው በጎኗ ካስተኟት ትዘገያለች። ቀን እጅ ላይ ስትውል ጥቂት ትቀድምና ማታ በጎኗ ካደረች ያችኑ የቀደመችውን መልሳ ጠዋት ልክ ትሆናለች። ትልቋ ዘንግ እየዞረች ካደረች ግን ሰዓቷ ትደክማለች፤ ወደ ኋላ ትቀራለች። ፈረንጁ ይህን ሁሉ ለባይሳ አስተምሮት ነው የሄደው። «ውድ ሰዓት ሁሉ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ካወቅህ አያስቸግርህም» ብሎታል። ስለ ሚስት የነገረው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም።

በተጋባን ሰሞን ሁለታችንም ዓይነ አፋር ነበርን። ማታ ማታ እሱ አንድ ጥግ፣ እኔ አንድ ጥግ ተቀምጠን የምንለው ይጠፋናል። አንድ ምሽት ሰዓቷን ፈታና «እስቲ አንቺ አስተኚልኝ፤ እጅሽ ልዝብ ነው» አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያውም ግራኝ። ስፌቴም ቋጠሮዬም ከሰው የተገለበጠ ስለሆነ እኔ የቋጠርኩትን ሰው ቢፈታው እንኳ መልሶ እንደኔ አይቋጥረውም። በልጅነቴ ያችን ግራ እጄን ያልመታኝ ዘመድ የለም። ባይሳ ግን ሰዓቷን ያመነው ለዚያች እጅ ነው። መሙያዋን ወደ ታች አድርጌ በሁለት የክር ጥቅል መሃል አቆምኳት። ጠዋት ልክ ሆና ተገኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሰዓቷን የማስተኛው እኔ ነበርኩ። ትዳራችን የጀመረው በሠርጋችን ቀን ሳይሆን በዚያች ምሽት ይመስለኛል።

እንግዲህ ጌዶ ትምጣ። በ1977 መስከረም ላይ መሥሪያ ቤቱ የጌዶን ጅረቶች እየሄድክ ለካ አለው። በየወሩ ሳምንት ያህል እዚያ ያድራል። ከመጀመሪያው ጉዞ የተመለሰ ዕለት ምሽት እንደ ልማዳችን ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀመጥን። የሁለት ሰዓት ዜና ከመጀመሩ በፊት ሬዲዮኑ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል፤ የመጨረሻዋ ጢጥ ስትመጣ ሁለት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ባይሳ ሰዓቷን ዓይኑ ሥር ይዞ ጠበቀ። ጢጥ ስትል ትንሿ ዘንግ አልፋ ሄዳለች።

«ሮጣለች» አለ እየሳቀ። «ጌዶ ማን ያስተኛታል? እኔ እንደሆንኩ ወንዝ ለወንዝ ስዞር ውዬ እንደ ግንድ ነው የምወድቀው።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሚቀጥለውም ወር ሮጣ መጣች፤ አሁንም ደስ አለኝ። አንዳንዷ ሚስት ባሏ መንገድ ሰንብቶ ከስቶ ሲመጣ ደስ ይላታል፤ እኔ ደግሞ ሰዓቷ ተበላሽታ ስትመጣ ደስ ይለኛል። ያለኔ አይሆንላቸውም እያልኩ በጎኗ አስተኛትና ሁለቱንም ወደ ልካቸው እመልሳለሁ።

ከገና በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ባይሳ ከጌዶ ገባ፣ እግሩን ታጠበ፣ እራቱን በላ፣ ሬዲዮኑን ከፈተ። ጢጥ አለ። ትንሿ ዘንግ ስድሳ ላይ ቁጭ።

«አየሻት?» አለ ፊቱ በርቶ።

«ማን አስተኛት?» አልኩት።

«አንቺው ነሽ እንጂ ሌላ ማን!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ያ ሳቅ አንጀቴን አበገነው። እኔ አምቦ ስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ የሰነበትኩ ሴት ጌዶ ሄጄ ሰዓት አስተኛለሁ? በሚቀጥለው ወር ደግሞ ልክ መጣች። በሦስተኛውም ልክ።

መጀመሪያ ጠበቃ ቆሜለት ነበር፤ ሐሰት አይበጅም። ምናልባት ትልቋን ዘንግ ማቆም ረስቶ፣ በጀርባዋ ስትሮጥ በዘንጓ እየደከመች ተመጣጥኖላት ይሆናል አልኩ። አንድ ማታ ጉንፋን ይዞት በጊዜ ሲተኛ በጀርባዋ አስተኝቼ ዘንጓን ለቀቅኩባት። ጠዋት በዜናው ሰዓት ወደ ኋላ ቀርታ አገኘኋት። ልክ የምትመጣው በጎኗ ስታድር ብቻ ነው። በጎኗ የምታድረው ደግሞ የሚያስተኛት ሲኖር ነው። ባይሳ በስምንት ዓመት አንድ ቀን አስተኝቷት አያውቅም። ስለዚህ ጌዶ ውስጥ እጅ አለ።

የማንስ እጅ ነው? የሚያርፍበትን ቤት ራሱ ነግሮኛል። «ሮማነወርቅ ቤት ነው የማድረው፤ ንጹሕ ሴት ናት፤ አልጋዋ ተባይ የለውም» ብሎኛል። ባሏ የሞተባት ናት፤ ምግብ ቤትና ማረፊያ አላት። ሌላ ሴት ባሏን በሽቶ ትጠረጥራለች፣ ሸሚዙ ላይ ባገኘችው ፀጉር ትጠረጥራለች። የኔ ባል ሸሚዝ ላይ ከወንዝ ጭቃ በቀር ምንም የለም። ወጥ ብትሠራለት ግድ አልነበረኝም። ልብሱን ብታጥብለት እሰየው፣ ድካም ቀነሰችልኝ እላለሁ። ሰዓት የምታስተኛ ሴት ግን የምታስተኛው ከመኝታ በፊት ነው፤ የምታስተኛበት ክፍልም የባለሰዓቱ መኝታ ክፍል ነው። ይህን ሳስብ ዓይኔ ደም ይለብሳል። የሰው ሱሪ ስሰፋ እግሩን ለእጅጌ ልገጥመው ደርሼ ነበር።

ቁርጡን በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ ስፌት መኪናዬን ይዤ ከቤቱ እወጣለሁ ብዬ ወሰንኩ። ማስፈራሪያ አይደለም፤ የልብሴን ሣጥን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

በዚያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩን ደግሞ «ባሌን ላደፍጥበት ነው» አይባልም። ለቅሶ አለብኝ አልኩት። ለቅሶ ማንም አይከለክልምና ወረቀቱን ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። ለቅሶ የሚባል ነገር ከአፍ ከወጣ ብቻውን እንደማይሄድ ግን ዘንግቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ጎረቤታችን አዴ ጉዴ ጥቁር ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በጨርቅ ቋጥረው ደጃፌ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ለቅሶ ብቻሽን ልትሄጂ?» አሉ። «ሰው ምን ይለናል? ጎረቤት የላትም ይበሉሽ?»

«አዴ ጉዴ፣ አይድከሙ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» ብላቸው ማን ሰምቶኝ። ዕድርተኛ ለቅሶ አይቀርም። አውቶቡሱ ላይ ከጎኔ ተቀምጠው «ኤኙቱ ዱኤ? የሞተው ማን ነው?» አሉኝ። «የባይሳ የአክስት ልጅ» አልኩ፤ ሌላ አልመጣልኝም። «ያ ረቢ! ወጣት ነው?» «ወጣት ነው።» ጉደርን ሳንሻገር ማልቀስ ጀመሩ። አልቃሽ ናቸው፤ አገር ያውቃቸዋል። ጌዶ ዳገቱን ስንወጣ ከኋላ ያሉት ነጋዴዎች ሳይቀሩ «እግዜር ያጥናችሁ» ይሉን ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሜን» እያልኩ ሄድኩ፤ ደግሞም እኮ የማለቅሰው አላጣሁም።

ጌዶ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቤቱን ጠይቀን ደረስን። ሮማነወርቅ በሩ ላይ ወጣች። አስቀያሚ ናት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ረዘም ያለች፣ ጠይም፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ስትናገር የምትስቅ የምትመስል ሴት ናት። እጇን አየሁ። መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውል ሴት እንዲያ ያለ እጅ ከየት እንደምታመጣ ይግረማችሁ።

ጥቁር ልብሳችንን ስታይ ሳቋ ጠፋ። «ምነው እህቶቼ? ማን ሞተብን? ጌዶ ውስጥ ሰው ሞቶ እኔ ሳልሰማ?» እያለች ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች፤ አብራን ልትሄድ ነው።

«የኦቦ ባይሳ የአክስት ልጅ» አሉ አዴ ጉዴ እያለቀሱ።

«የባይሳ? የውሃው ባይሳ?» ብላ ጮኸች። «ምነው፣ ጠዋት በሰላም ቁርሱን በልቶ ወጥቶ! ሮጠን እንጥራው እንጂ!»

ባልየው ተጠርቶ ሊመጣብኝ ነው። «የለም፣ የለም! ማንም አልሞተም» አልኩ።

አዴ ጉዴ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ቀጥ አለ። «ማል ጄቴ? ምን አልሽ? ማንም አልሞተም? ታዲያ እኔ ከጉደር ጀምሮ የማለቅሰው ለማን ነው?»

ሁለቱም አፈጠጡብኝ። መሬት ብትከፈት ጥልቅ ባልኩ ነበር፤ ግን ኩራቴ አልሞተም። አንገቴን ቀጥ አድርጌ «እኔ የባይሳ ሚስት ነኝ» አልኩ።

ሮማነወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ መጥታ እቅፍ አደረገችኝ። «ፀዳለ! ሰዓቷን የምታስተኚው ፀዳለ!»

ስሜን ታውቃለች። ሰዓቷን እንደማስተኛት ታውቃለች። እቅፏ ውስጥ ሆኜ ሌላስ ምን ታውቅ ይሆን እያልኩ በገንኩ።

«ነይ፣ ነይ ላሳይሽ፤ እኛማ በሳቅ ልንሞት ነው» ብላ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የባይሳ ክፍል ከእሷ ክፍል ቀጥሎ ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ ቦርሳው ከሥሩ ነው፣ አልጋው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ደግሞ አንዲት የወይራ እንጨት ተቀምጣለች። የጡብ ግማሽ ታህላለች። መሃሏ ተቦርቡሮ ሰዓት በጎኗ የምትቆምበት ስንጥቅ ወጥቶላታል።

«ከማገዶዬ ለምኖኝ ራሱ ነው የጠረባት» አለች ሮማነወርቅ። «ስሟን ብትሰሚ! ‹ይቺ የጌዶ ፀዳለ ናት› ይላታል። ማታ ሰዓቱን ይሰካባትና ‹ደህና እደሪ ፀዳለ› ብሏት ይተኛል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ይሰማኛል።»

አዴ ጉዴ ከኋላዬ «ያ ረቢ፣ ምን ያለው መልካም ሰው ነው!» አሉ።

ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። «አንቺው ነሽ» ያለኝ ለካ እውነቱን ነው፤ ባሌ በሄደበት አገር እንጨት ጠርቦ በስሜ ጠርቷል። ደስ እንዲለኝ ራሴን ጠበቅኩት። የመጣው ግን ቅናት ነው። በእንጨት ቀናሁ! ስምንት ዓመት እንደ ክብሬ የያዝኩትን ሥራ አንድ የማገዶ ፍልጥ ይሠራዋል ማለት ነው? ደግሞስ ደህና እደሪ የሚላትን የኔን ስም በግድግዳ ተጠግታ የምታዳምጠው ይቺ ሴት ምን ቤት ናት? ሮማነወርቅ ቆማ እየሳቀች ታየኛለች። ሳቋ ክፋት አልነበረውም፤ እኔ ግን ከሷ ፊት ከእንጨት ማነስ አቃተኝ።

«እንጨቷ ልክ አይደለችም» አልኩ።

«እንዴት?»

«እንዲህ ከተሰነጠቀች መሙያዋ አጠገብ ያሉትን ቁልፎች ትጫናለች፤ ዘንጓ ትነሳና ስትዞር ታድራለች። ሰዓቷ እጅ ነው የምትፈልገው» አልኩና የክብሪት ቀፎ አንስቼ እንደ ሰዓት ያዝኩት። መሙያው ወደ ታች፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ፣ ሁለት የክር ጥቅል መሃል፣ ብርድ ካለ ዙሪያዋን ጨርቅ፤ ከማስተኛት በፊት ደግሞ መሙያዋን በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ መሙላት፣ ስትጠጥር መተው። እያንዳንዱን እያሳየሁ በኩራት ተናገርኩ። ይህ ሥራ የማን እንደሆነ ይወቁልኝ ብዬ ነው።

ሮማነወርቅ ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም። «ወይ ጥበብ! እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። ቀፎውን ተቀብላ ራሷ ሞከረችው፤ ጣቷ ሲያዘነብል አረምኳት።

ምሳ ላቅርብ ብላ ስትወጣ እንጨቷን ከበርጩማው አንስቼ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኳት። አዴ ጉዴ አዩኝ። ባይሳ ከወንዝ ሳይመለስ ምሳችንን በልተን፣ ከነቀምት በመጣው አውቶቡስ ወደ አምቦ ተመለስን። መንገድ ላይ የለቅሶውን ንፍሮ ፈታንና ቆረጠምን።

«ለቅሶ ሄደን እንጨት ይዘን ተመለስን» አሉ አዴ ጉዴ። ቆየት ብለው «ልጄ፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ይቺን እንጨት መልሻት» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው፤ አልመለስኳትም። ሣጥኔ ውስጥ፣ ልወጣ ብዬ ያዘጋጀሁት ልብስ ሥር ቀበርኳትና ልብሱን መልሼ መስቀያው ላይ ሰቀልኩት። ከባሌ መለየቱ ቀርቷል። አሁን የምጠብቀው ሰዓቷ እንደ ድሮዋ ሮጣ እንድትመጣልኝ ብቻ ነው።

ባይሳ ቅዳሜ ገባ። ዶሮ ሠርቼ ጠበቅኩት። ሬዲዮኑን ራሴ ከፈትኩ። ጢጥ አለ። ትንሿ ዘንግ ስድሳ ላይ ቁጭ።

ሬዲዮኑን ዘጋሁት። «ማን… ማን አስተኛት?»

«ምነው መጥተሽ ሳትጠብቂኝ ተመለስሽ?» አለ ባይሳ ደስ ብሎት። «ያን ቀን የጌዶዋ ፀዳለ ጠፋችብኝ። አዳሪ ይሆናል የወሰዳት፤ እንጨት የሚሰርቅ ሌባ አይቼ አላውቅም። ሮማነወርቅ ‹ከቤቴ ጠፍቶማ› ብላ አዘነች። ግን ምን ቸገረኝ፣ እሷው ተክታታለች። ‹ሚስትህ አስተምራኛለች› ብላ ማታ ማታ መጥታ ታስተኛልኛለች። ክር ጥቅሉም ጨርቁም አንድ አልቀራትም። እጇ ደግሞ ልክ እንዳንቺ ልዝብ ነው። ተባረኪ፣ ፀዳለ!»

ያልነበረውን እጅ እኔው ሄጄ አበጀሁት። ግድግዳ ለይቷት የነበረችውን ሴት፣ እኔ ነኝ በሩን ከፍቼ፣ እጇን ይዤ፣ ከአልጋው አጠገብ ያቆምኳት። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብዬ አላደክማችሁም።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። ዝም ብል ሮማነወርቅ ማታ ማታ ስትገባ ስትወጣ ልትኖር ነው። እንጨቷን ባወጣ ደግሞ ሌባዋ እኔ መሆኔ፣ ቅናቴም ጭምር አደባባይ ሊወጣ ነው። አንድ ወር ሙሉ በዚህ ስታመስ ከረምኩ። እንደገና ወደ ጌዶ የሚሄድበት ጠዋት ላይ እንጨቷን ከሣጥን አውጥቼ ባለቀይ ጠርዝ መሐረቤ ላይ አኖርኳት። አራቱን ጫፍ ሰብስቤ በግራ እጄ ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩና ፊቱ አስቀመጥኳት።

ባይሳ በጣቱ ዳበሳት። አውቋታል። «አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። ካሁን በኋላ ከዚች እንጨት በቀር ማንም እንዳያስተኛት።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። እንደ አዲስ ሰው ነው ያየኝ። ከዚያ «እሺ» አለና ቋጠሮዋን ቦርሳው ውስጥ፣ ሸሚዞቹ ሥር ከተታት።

ያን ሳምንት አዴ ጉዴ ሁለት ጊዜ መጥተው ቡጉንጅ የወጣባት ሰው እንደሚጠየቅ ጠየቁኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። ደህናም ነበርኩ፤ ያለኝን ሁሉ ተናግሬ፣ እሱም እሺ ብሎኛል።

ባይሳ በሳምንቱ ተመለሰ። እግሩን ታጠበ፣ እራቱን በላ። ሬዲዮኑ ጢጥ አለ፤ ሰዓቷ ልክ ናት።

«ማን አስተኛት?» አልኩት።

«እንጨቷ ናታ» አለኝ፣ ሬዲዮኑን እያየ።

እፎይ አልኩ። አቤት እንዴት ያለ ዕረፍት ነው! ሳህኑን አነሳሁ፣ እያንጎራጎርኩ አጠብኩ። በማግስቱ የማጥበው ልብስ ላውጣ ብዬ ቦርሳውን ሳብኩና ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ከሥራቸው ባለቀይ ጠርዙ መሐረብ ነበር። እንጨቷ ውስጡ ናት። ቋጠሮው የኔው የግራ ቋጠሮ ነው፤ እኔ እንዳሰርኩት ነው፤ ማንም አልነካውም።

ባይሳ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ሰዓቷን ፈታና እጁን ዘረጋልኝ። «እንኪ፣ እሷን አስተኚልኝ።»

ተቀበልኩት። መሙያዋን በሁለት ጣቴ ቀስ አድርጌ ሞላሁ፤ ስትጠጥር ተውኩ። ከዚያም ከተጋባን ወዲህ እሱ እያየኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባዋ አስተኛኋት።